ከሦስቱ ሚስቶች ሕጋዊዋ ማን ናት?

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ፣ በ2003 የገና ሰሞን በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ለእይታ ስለበቃውና ኤሪክ ማቲ ስላዘጋጀው የ«ማኖ ፖ» ተከታታይ ፊልም ሁለተኛ ክፍል አጭር አስተያየት አቅርበን ነበር። ላላዩት ለማስታወስ ያህል፣ ታሪኩ የቻይና ዝርያ ያለው አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ከሞተ በኋላ ሦስት ሚስቶቹና ልጆቻቸው በጥርጣሬና በውርስ ስለሚፋጠጡበት ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች ስለ ተዋንያኑ ብዙም አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ስለ ጋብቻውና ስለ ገንዘቡ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰጥተነዋል። በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፊሊፒንስ አብዛኛው ሕዝቧ ካቶሊክ የሆነ፣ ፍቺ እንኳን የማይፈቀድባት አገር ናት ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ አንድ ሰው ሦስት ጣውንቶችን ይዞ በአደባባይ እንዴት ሊኖር ቻለ? ወይስ ፊልም ሠሪዎቹ አጋንነውት ነው?

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው። በ1977 የራሳቸው የግል ሕግ ከወጣላቸው ሙስሊም ዜጎች በስተቀር ፊሊፒናውያን የፍቺ ሕግ የላቸውም፤ በጋብቻ ላይ ጋብቻ መፈጸምም ከ6 ዓመት ከ1 ቀን እስከ 12 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ካስቀመጧቸው ግን መልሱ ከራሱ ከጥያቄው ይወጣል። መፋታት በማይቻልበት አገር የከረረ ትዳር አይፈርስም፤ ከአጠገቡ ሌላ ጎጆ ይቀለሳል እንጂ። ጋብቻን በፍርድ ቤት ማሻር ይቻላል፤ ነገር ግን ጊዜም ገንዘብም የሚበላ መንገድ በመሆኑ ብዙዎች አይሞክሩትም። በዚህ መንገድ የምትመጣዋ ሁለተኛ ሴት በአገሬው ቋንቋ በታጋሎግ «ካቢት» ትባላለች፤ የቃሉ ቀጥተኛ ፍቺም የተለጠፈ ወይም የተንጠለጠለ ነገር ማለት ነው። የእኛ «ቅምጥ» ቢያንስ ተቀምጣለች፤ የእነርሱዋ ገና መቀመጫ አላገኘችም።

ቻይናውያኑን በተመለከተ ግን ከፍቺ ሕጉ በፊት የሚጀምር ሌላ ታሪክ አለ። ስፔናውያን በ1594 ክርስትናን ለተቀበሉ ቻይናውያን ቢኖንዶ የተባለውን የማኒላ ሠፈር ከመሠረቱበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ድረስ፣ ከቻይናዋ የፉጂያን ግዛት ደቡብ ባሕር ተሻግረው የሚመጡት ከሞላ ጎደል ወንዶች ነበሩ። ሚስት በመንደሯ ትቀራለች፤ አማቶቿን ትጦራለች፣ የአባቶችን የመታሰቢያ ጠረጴዛ ትጠብቃለች፣ ባል የሚልከውን ገንዘብ ትቀበላለች። ባል በበኩሉ ማኒላ ወይም ቪጋን በተባለችው ከተማ ሱቅ ይከፍታል፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይጠመቅና የአገሬውን ልጅ በቤተ ክርስቲያን ያገባል። ይህን አኗኗር ቻይናውያኑ ራሳቸው «በሁለት ጫፍ ያለ ቤት» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩታል። በመካከላቸው ባሕር ስላለ ሁለቱ ሴቶች እያንዳንዳቸው ብቸኛ ሚስት መስለው ዕድሜያቸውን መጨረስ ይችሉ ነበር፤ አንዳንዶቹም ጨርሰዋል።

በጥንቱ የቻይና ሥርዓት ዋና ሚስት አንዲት ብቻ ብትሆንም፣ ከእርሷ በታች ሌሎች ሴቶች በአነስተኛ ሥርዓት ወደ ቤት መግባት ይችሉ ነበር። በሆኪየን፣ ማለትም አብዛኞቹ የፊሊፒንስ ቻይናውያን በሚናገሩት የፉጂያን ቋንቋ፣ ዋናዋ «ቱዋ ቦ»፣ ትልቋ ሚስት፣ ትባላለች፤ ተከታይዋ ደግሞ «ሴ ኢ» ነች፤ እርሱም ትንሿ አክስት እንደ ማለት ነው። በቻይና ምድር ይህን ልማድ የ1950 የጋብቻ ሕግ ከለከለው፤ በሆንግ ኮንግ ግን እስከ 1971 በሕግ ሲፈቀድ ቆይቷል። እንግዲህ በፊልሙ የምናየውን ሰው ሠሪዎቹ ከምንም አልፈጠሩትም። የእነርሱ ብልሃት በባሕር ወይም በሠፈር ተለያይተው የኖሩትን ቤቶች አንድ ሳሎን ውስጥ ማገናኘት ሲሆን፣ ያንን ለማድረግ ደግሞ የሰውየው ሬሳ የግድ ያስፈልጋቸዋል። በሕይወት ቢኖር አንዱ ቤት ሌላውን እንዳያይ መጋረጃ የሚይዘው እርሱ ራሱ ነበርና።

ጥያቄ፦ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ታናሽ እህት ታላቅ ወንድሟን «አህያ» ስትለው ሰምቼ ደነገጥሁ። እርሱም ሳይቆጣ «አቤት» ይላል። ጆሮዬ ነው ወይስ ቤተሰቡ ከምንገምተው በላይ ተጣልቷል?

መልስ፦ ጆሮዎ ደህና ነው። «አህያ» በሆኪየን ታላቅ ወንድም ማለት ሲሆን፣ ታላቅ እህት «አቺ»፣ ወንድ አያት «አንግኮንግ»፣ ሴት አያት ደግሞ «አማ» ይባላሉ። በሳቅ ካለፍነው በኋላ ግን ቃሉን በጥሞና ማዳመጥ ይጠቅማል። የአንዷ ሚስት ልጅ የሌላዋን ልጅ «አህያ» ብሎ ከጠራው የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን በአንደበቱ አምኗል ማለት ነው፤ በስሙ ብቻ ከጠራው ደጅ ላይ ትቶታል። በእኛ ጆሮ ስድብ የሚመስለው በእነርሱ ቤት ክብር፣ ክብር የሚመስለው ዝምታም ስድብ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በአገሪቱ ሕግ ሀብቱ ለማን ይደርሳል? ሰውየው ኑዛዜ ጽፎ ቢሞት ኖሮ ይህ ሁሉ ጠብ ይቀር አልነበረም ወይ?

መልስ፦ አይቀርም ነበር። የፊሊፒንስ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከስፔን በወረሰው ልማድ መሠረት ለልጆችና ለሚስት ኑዛዜ የማይነካው ድርሻ ይከልላል፤ አባት በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጭ ልጁን መንቀል አይችልም። ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል።

አንድ ነጋዴ በ1990 አግብቶ፣ በትዳር ዘመኑ 24 ሚሊዮን ፔሶ የሚያወጣ ሀብት አፍርቶ ሞተ እንበል። ከሕጋዊ ሚስቱ 2 ልጆች፣ ከሌላ ሴት ደግሞ በሕግ የታወቁ 2 ልጆች አሉት፤ ዕዳውንና ግብሩን ለጊዜው እንተወው። ከነሐሴ 1988 ጀምሮ በሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ መሠረት፣ ተጋቢዎቹ የተለየ ውል ካላደረጉ በቀር ሀብታቸው የጋራ ነው። ስለዚህ 12 ሚሊዮኑ ቀድሞውንም የሚስት ነው፤ ውርስ ተብሎ የሚከፈለው የቀረው 12 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ግማሹ ለሁለቱ የጋብቻ ልጆች ይሄዳል፤ 3 ሚሊዮን ለአንዱ፣ 3 ሚሊዮን ለሌላው። ሚስት የአንድ ልጅ ድርሻ ያህል 3 ሚሊዮን ትወስዳለች። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱት እያንዳንዳቸው የጋብቻ ልጅ የሚያገኘውን ግማሽ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ያገኛሉ። ይደምሩት፤ 12 ሚሊዮኑ አልቋል። ሰውየው በኑዛዜው እንደ ልቡ እንዲሰጥ የቀረለት 1 ፔሶ የለም።

የልጆቹ እናት የሆነችው ሁለተኛዋ ሴት ከዚህ ስሌት ውስጥ ፈጽማ እንደሌለች አስተውለው ይሆናል። ሃያ ዓመት አብራው ብትኖር፣ በሕመሙ ብታስታምመው እንኳ ከውርሱ የሚደርሳት ዜሮ ነው። ስሟን በኑዛዜ ቢያሰፍርላትም ሕጉ ያፈርሰዋል፤ ከጋብቻ ውጭ አብረው ሲኖሩ የሚሰጣጡት ከፍ ያለ ስጦታም ዋጋ የለውም። የቀረላት አንድ መንገድ አብረው ካፈሩት ውስጥ በገንዘቧ፣ በንብረቷ ወይም በጉልበቷ ያዋጣችውን ማስረዳት ነው። እርሱንም ካስረዳች በኋላ የሟቹ ድርሻ ተመልሶ ወደ ሕጋዊው ትዳር ሀብት ይገባል፤ ማለትም ጣውንቷ በእርሷም ሱቅ ውስጥ ሸሪክ ሆና ትገኛለች። ፊልም ሠሪ ከዚህ የከፋ ትዕይንት መፍጠር ይችላል ብዬ አላምንም።

ልጆቹም ቢሆኑ 1.5 ሚሊዮናቸው የሚጠብቃቸው አባታቸው ያመናቸው መሆኑን ካስረዱ ብቻ ነው። በልደት መዝገብ ላይ ፈርሞላቸው ከሆነ ወይም በገዛ እጁ ጽፎ የፈረመበት ወረቀት ካላቸው ችግር የለም። ያላቸው ማስረጃ ግን «ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እንደ ልጆቹ አሳደገን» የሚለው ብቻ ከሆነ፣ ክሱን ማቅረብ የሚችሉት አባትየው በሕይወት ሳለ ነው። በሕይወት ያለ አባታቸውን ደግሞ «ልጅህ መሆናችንን ፍርድ ቤት ያረጋግጥልን» ብለው የሚከሱ ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ሲሞት በሩ ይዘጋባቸዋል። በነገራችን ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አባቱ ካመነው በአባቱ ስም እንዲጠራ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ2004 መጀመሪያ፣ ማለትም ፊልሙ ከታየ ከሳምንታት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሕግ የእናቱን ስም ይዞ ይኖር ነበር። በፊልሙ ዘመን የአባት ስም ጉዳይ ያን ያህል የሚያስለቅሰው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋ ሚስት ከቻይና የመጣች ብትሆን ኖሮስ? ቀድማ ያገባች እርሷ ስለሆነች ሕጋዊዋ እርሷ አይደለችም ወይ?

መልስ፦ ቀድማ ማግባቷ ብቻ አይበቃም፤ ማስረዳት አለባት። በውጭ አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ በፊሊፒንስም የጸና ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች እንደማንኛውም ፍሬ ነገር በማስረጃ መረጋገጥ አለባቸው። አንደኛው ጋብቻው መፈጸሙ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዚያ አገር ሕግ ወይም ልማድ እንዲህ ያለውን ጋብቻ የሚያውቀው መሆኑ ነው። አንዳንድ ቻይናውያን ሚስቶች የወደቁት በሁለተኛው ላይ ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ በኅዳር 1988 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተወሰነው መዝገብ ነው። ሟቹ ቻይናዊ ነጋዴ በ1977 በካሎካን ከተማ ሲሞት 300,000 ፔሶ ያህል የሚገመት ሀብት ትቷል። አንዲት ሴት በ1931 ፉጂያን ውስጥ እንዳገባችው ተናገረች፤ ሌላዋ ሴት የወለደቻቸው ልጆች ደግሞ እናታቸው ከሟቹ ጋር 25 ዓመት እንደኖረች ገልጸው ተቃወሟት። ከፉጂያን የመጣችው ሴት የጋብቻ የምስክር ወረቀት አልነበራትም። በዚያን ጊዜ በመንደራቸው ጋብቻ የሚፈጸመው በሁለቱ ወገን ወላጆች ስምምነት እንጂ በሹም ፊት እንዳልሆነ አስረዳች፤ ወንድሟም መሰከረላት። ፍርድ ቤቱ ግን ሁለቱ አብረው መኖራቸው ቢታወቅም፣ የቻይና ሕግም ሆነ ልማድ ምን እንደሚል በተገቢው ማስረጃ አልተረጋገጠም ብሎ ጋብቻውን ሳይቀበለው ቀረ። ውጤቱ የሁለቱም ሴቶች ልጆች አባታቸው ያመናቸው፣ ያለ ጋብቻ የተወለዱ ልጆች ተብለው እኩል መቆጠራቸው ሆነ። አንዲት ሴት በ46 ዓመት ትዳር መጨረሻ ላይ አላገባሽም ተባለች፤ ልጆቿም ከተቃወሟቸው ልጆች ጋር አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1922 ከደቡባዊቷ የሚንዳናው ደሴት የመጣ ሌላ ክርክር ነበር፤ በ1919 ዛምቦአንጋ ውስጥ የሞተ ቻይናዊ ወደ 100,000 ፔሶ የሚጠጋ ሀብት ትቶ፣ አንድ ወገን በቻይና በ1895 ያገባት ሚስት ልጅ ነኝ ሲል፣ ሌላ ወገን ደግሞ በባሲላን በኢማም ፊት ያገባት የሞሮ ሙስሊም ሴትና ልጆቿ ቀረቡ። ዳኞቹ የቻይናው ጋብቻ አልተረጋገጠም፣ የኢማሙ ግን የጸና ነው አሉ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1853 ቪጋን ውስጥ ያገባ፣ በ1894 የሞተ ነጋዴ ቤተሰብ ጉዳይ ነበር፤ በቻይና አሞይ ቀድሞ አግብቷል የሚሉት ወገኖች በማኒላ በ1910 ተሸንፈው፣ አገሪቱ ያን ጊዜ በአሜሪካ ሥር ስለነበረች እስከ ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውት በ1913 እዚያም አልቀናቸውም።

ከእነዚህ መዛግብት የምረዳው በእነዚህ ቤቶች ጠቡ ከቅናት ይልቅ በወረቀት ላይ መሆኑን ነው። ሁለቱ ሴቶች አንዱን ሰው ወደውት ሊሆን ይችላል፤ ዳኛው የሚጠይቃቸው ግን የትኛዋ ወረቀት እንዳላት ነው። ዛሬ በማኒላ የምትጠራጠር ሙሽራ ከመንግሥት የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት «ሴኖማር» የሚባል፣ በስሙ የተመዘገበ ጋብቻ እንደሌለ የሚገልጽ ማረጋገጫ እንዲያስወጣ እጮኛዋን ትጠይቃለች። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በፉጂያን መንደር በወላጆች ቃል የተፈጸመ ጋብቻ ግን እዚያ ገጽ ላይ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ፊሊፒናዊቷ ሚስት «ሱቁ በስሜ ነው» የምትልባቸው ታሪኮች ብዙ ናቸው። ባልየው ቻይናዊ ነጋዴ ሆኖ ሳለ ሱቁ ለምን በሴቲቱ ስም ይሆናል?

መልስ፦ ይህን የጠየቁን አንባቢ የታሪኩን አንጓ ነክተዋል። በ1935 በወጣው ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ መሬት መግዛት አይችልም ነበር። በ1954 ደግሞ የችርቻሮ ንግድን ለዜጎች ብቻ የሚያደርግ ሕግ ወጣ፤ ዒላማው ማን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። በሥራ ላይ የነበሩ የውጭ ዜጎች እስኪሞቱ ወይም በፈቃዳቸው እስኪተዉ ድረስ እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው፤ ሲሞቱ ግን ወራሾቻቸው ሱቁን አጣርተው የሚዘጉበት 6 ወር ብቻ ተሰጣቸው። ሕጉ ተቃውሞ ቀርቦበት በ1957 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ለአንድ ቻይናዊ ባለሱቅ ሞት ማለት ሬሳ ብቻ አልነበረም፤ የሱቁም ቀብር ነበር።

መውጫው ሱቁንና መሬቱን በፊሊፒናዊት ሚስት ወይም በታመነ ወዳጅ ስም ማዞር ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የውጭ ዜጋ ያገባች ፊሊፒናዊት፣ የባሏ አገር ሕግ ዜግነቱን ከሰጣት የራሷን ታጣ ነበር። በሕግ ከተጋቡ ሱቁን በስሟ መያዝ አትችልም፤ ልጆቿም የአባታቸው ዜጎች ሆነው አድገው፣ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ነው ፊሊፒናዊነትን የሚመርጡት። ካልተጋቡ ግን እርሷም ዜግነቷን አታጣም፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱት ልጆችም በእናታቸው ፊሊፒናውያን ይሆናሉ። ስለዚህ ተዋደው፣ አንድ ቤት ገብተው፣ አሥር ልጅ ወልደው፣ ሆን ብለው ጋብቻቸውን ያላስመዘገቡ ብዙ ነበሩ። ሱቁን ያተረፈላቸው ያ ውሳኔ ነው፤ አባት ሲሞት «ያልተጋባችሁ» ያሰኛቸውም እርሱው። ይህን ካወቅሁ በኋላ፣ በፊልም ላይ አንዲት አሮጊት «እኔ ነኝ የሠራሁት» እያለች የሱቅ በር ስትይዝ ሳይ እንደ ስግብግብ አላያትም።

ነገሩ የተለወጠው በ1975 ነው። ፕሬዚዳንት ማርኮስ በሚያዝያ ወር ዜግነት ማግኘትን የሚያቀል መመሪያ አወጡ፤ በሰኔ ወር ከቤጂንግ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት ተጀመረ። ብዙ ቤተሰቦች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፊሊፒናውያን ሆኑ፤ በሌሎች ስም የነበረውንም ሀብት ወደ ራሳቸው ስም፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤተሰብ አክሲዮን ማኅበር አዛወሩ። ከዚያ ወዲህ በፊልሞቹ ውስጥ ጠቡ ከሱቁ በር ተነሥቶ ወደ ቦርድ ስብሰባ ጠረጴዛ ሄዷል።

ጥያቄ፦ «ማኖ ፖ» ምን ማለት ነው? ለምንስ እንዲህ ያለ የጠብ ፊልም በገና ይወጣል?

መልስ፦ «ማኖ» ከስፔን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን እጅ ማለት ነው፤ «ፖ» ደግሞ በታጋሎግ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አንቱታ የሚያዞር ትንሽ ቃል ነው። ታናሹ ጎንበስ ብሎ የታላቁን እጅ ይቀበልና የእጁን ጀርባ ግንባሩ ላይ ያስነካዋል። ሰላምታው የቻይናውያኑ ሳይሆን የፊሊፒናውያን ነው፤ ስሙ ለቻይናውያን ቤተሰብ ታሪክ መሰጠቱ ራሱ ከየትኛው ወገን ሆነው እንደሚናገሩ ያሳያል። ገናን በተመለከተ፣ በ1975 የተጀመረና ታኅሣሥ 25 የሚከፈት የማኒላ የፊልም ፌስቲቫል አለ፤ በእነዚያ ቀናት ሲኒማ ቤቶቹ የአገር ውስጥ ተወዳዳሪ ፊልሞችን ብቻ ያሳያሉ። ልጆች የበዓል ገንዘባቸውን ይዘው፣ አያቶችም አብረው የሚገቡበት ወቅት ስለሆነ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ዘመድ ሲጣላ ያያል።

ጥያቄ፦ እነዚህ ፊልሞች ቻይናውያኑን ገንዘብ ወዳድና ብዙ ሚስት የሚያገቡ አድርገው አያሰድቧቸውም? ለልጆቹስ፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ ፍትሐዊ ናቸው ትላላችሁ?

መልስ፦ ከፊሉን እቀበላለሁ። በፊልሞቹ የሚታየው ሁልጊዜ ባለፎቅ ቤትና ባለሾፌር ቤተሰብ ነው፤ ምስማርና ቀለም ሸጦ ልጆቹን የሚያስተምረው ተራ ቺኖይ፣ ማለትም ቻይናዊ ፊሊፒናዊ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል። ከዋና ተዋንያኑ ብዙዎቹም በማኅበረሰቡ ውስጥ ያላደጉ በመሆናቸው የሚናገሩት ሆኪየን የተጠና እንጂ የተጠባ አይመስልም። በ2005 የወጣው አራተኛው ፊልም ጭራሽ የሚስቶቹን ፉክክር ወደ ቀልድ ለውጦ፣ ርዕሱን ራሱ በተሰባበረ ታጋሎግ «እኔ ሕጋዊ ሚስት» ብሎታል። ይሁን እንጂ ፊልሞቹን ያወጣው የሪጋል ፊልምስ መሥራች፣ በነሐሴ 2024 ያረፉት ሊሊ ሞንቴቨርዴ፣ ራሳቸው የቻይና ዝርያ ያላቸው ሴት ነበሩ። የመጣው ከውጭ የተሰነዘረ ስድብ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚወራውን ጮክ ብሎ መናገር ይመስለኛል።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ፊልሞቹ ከሕጉ ይልቅ ለልማዱ ይታመናሉ። ሕጉ ወንድና ሴት ልጅን እኩል ያወርሳል፤ ልማዱ ግን ንግዱንና የአባቶችን መታሰቢያ ለበኩር ወንድ ልጅ ይሰጣል፤ ሴቷ ተድራ ወደ ሰው ቤት የምትሄድ ናት። ስለዚህ ሦስት ሴት ልጆች የወለደች ሕጋዊ ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅ ካለው ካቢት በታች ሆና ስትቆም እናያለን። በዳኛ ፊት አሸናፊዋ አንዷ፣ በቤት ውስጥ አሸናፊዋ ሌላዋ ናት፤ ደራሲዎቹም በዚህ ልዩነት ውስጥ እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ።

ወደፊት እንዲህ ያለ ፊልም ሲያዩ ጩኸቱ ካደከመዎት፣ የለቅሶውን ትዕይንት በዝግታ ይመልከቱት። የበኩሩ ልጅ የአባቱን ፎቶግራፍ ይዞ ፊት ለፊት የሚሄድ ከሆነ፣ ከኋላው የቆመችው ማን እንደሆነች ይዩ። ሀብታም ቺኖዮች ሲሞቱ በጋዜጣ ሰፊ የሐዘን ማስታወቂያ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ካሜራው ጋዜጣው ላይ ካረፈ የስሞቹን ቅደም ተከተል ያንብቡ። የሁለተኛዋ ልጆች ስም ከታች ሰፍሮ የእናታቸው ስም ከሌለ፣ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ቀድሞ ከጠበቃ ጋር ተቀምጧል።